«ወባ በሆነልኝ»

በፎገራ ሜዳ ትኩሳት የያዘው ሰው ለሕመሙ ስም ፍለጋ ብዙ አይደክምም። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ለሩዙ የተመቸው ውኃ ለትንኟም ይመቻታል። ስለዚህ ብርድ ብርድ ያለው፣ መገጣጠሚያው የቆረጠመው፣ እህል ያስጠላው ሁሉ «ወባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወባ ክፉ ነው፤ ይገድላል። ግን የታወቀ ክፉ ነው። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ይገኛል፣ ስንት ቀን እንደሚያስተኛ ይታወቃል፣ ስሙም በጎረቤት ፊት አያሳፍርም። ወረታ ገበያ ላይ «የት ጠፋህ?» ላለ ሰው «ወባ ጥሎኝ ከረመ» ብሎ መመለስ ማንንም አያስደነግጥም።

ይህ ቀላል መልስ በአንድ ወቅት ብዙ ሰው አስከፍሏል።

ከወረታ በስተሰሜን፣ ፎገራን በሚያዋስነው ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሰው ይታመም ጀመር። የወባ መድኃኒት ይዋጣል፤ ትኩሳቱ ግን አይለቅም። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ይሞላል፤ ገላ ይመነምናል፣ ከግራ ጎድን በታች ጣፊያ እያበጠ ሆድ ይወጠራል፤ በመጨረሻ ታማሚው ይሞታል። የተሰጠው ማብራሪያ «መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው» የሚል ነበር። ታይፎይድም የተባለ አለ። በግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ የአገሩ ጆሮ ሁሉ በምርጫው ወሬ ተይዞ ሳለ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ያደረገው ምርመራ የበሽታውን ትክክለኛ ስም አወጣው፤ ካላ አዛር። በቆላው፣ በሁመራና በመተማ በኩል ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቅ፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት ሰው የማያስተርፍ በሽታ ነው። በዚህ በከፍታው አገር ግን ይኖራል ብሎ የጠበቀው አልነበረም። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2,300 በላይ ሰዎች እዚያ ታከሙ። ከዚያ በፊት በወባ ስም የተቀበሩትን የቆጠረ የለም።

በሊቦ ከምከም «እውነቱን ማወቅ አልፈልግም» ብሎ የወሰነ ሰው ነበር ማለት ሐሰት ይሆናል። የጎደለው በአብዛኛው መመርመሪያ ነበር። ቢሆንም «ወባ ነው» የሚለው መልስ ያን ያህል ጊዜ የቆየው መመርመሪያ ስለጠፋ ብቻ አይመስልም። መልሱ ለሁሉም ይመች ነበር። ታማሚው የሚያውቀውን ስም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የጤና ባለሙያው የሚሰጠው ክኒን አለው፤ ሪፖርት ጸሐፊውም ቅጹ ላይ የሚያሰፍርበት ረድፍ አያጣም። ካላ አዛር ግን ስሙ ሲነሳ ሌላ ጥያቄ ጎትቶ ያመጣል። ከየት መጣ? ማን አመጣው? ተመራማሪዎች የጠረጠሩት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በረሃ ወርደው የተመለሱ ሰዎች በሽታውን በደማቸው ይዘው ሳይመጡ እንዳልቀረ ነው። ከበረሃ ተመላሽ ላይ ደግሞ መንደሩ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው። ጥርጣሬው ከሜዳ የተነሣም አልነበረም። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው በብዛት ከሚታዩባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። አንደኛው በሽታ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ለሌላው መንገድ ይጠርግለታል። ስለዚህ ካላ አዛር የተገኘበት ሰው ኤች አይ ቪም ይመረመራል፤ የአንዱ ሕክምና ያለ ሌላው ውጤት በቅጡ አይታቀድምና። ጣፊያውን ሊያሳይ የመጣ ወጣት፣ ለዓመታት ሲሸሸው የኖረው ጥያቄ ያንኑ ቀን ፊቱ ይቀርብለታል። «ወባ በሆነልኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ያው 1997 ዓ.ም. በሌላ በኩልም መዞሪያ ዓመት ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ሪፖርት የተደረጉት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ «ተመርመር» የተባለው ሰው «ተመርምሬስ?» ቢል የሚመልስለት አልነበረም። ውጤቱ ይዞለት የሚመጣው ምክርና የሰው ዐይን ብቻ ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. ቢጀመርም በክፍያ ስለነበር ለሩዝ ገበሬና ለቀን ሠራተኛ እንደሌለ ይቆጠራል። በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ አለመመርመር በአብዛኛው እንደ ፍርሃት ተቆጥሮ ተወቅሷል። በራሪ ወረቀቱ ሁሉ «ራስን ማወቅ» እያለ ይሰብክ ነበር፤ አውቆ ምን ማድረግ እንደሚቻል ግን ወረቀቱም አያውቅም። መድኃኒት የሌለው እውነት ለያዘው ሰው ሸክም ነው፤ ሸክሙን አልቀበልም ያለውን ገበሬ ፈሪ ማለት ቀላል የሚሆነው ለማይሸከመው ነው።

በነዚያ ዓመታት በጋዜጣና በሬዲዮ የሚነገረው የሕይወት ታሪክ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር። «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ይላል፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ አይልም። ለቀስተኛው ያውቃል፣ ጸሐፊው ያውቃል፣ ቤተሰቡ ያውቃል። ሁሉም ያወቀውን ማንም አልተናገረውም። የሟች ባለቤት ግን አንዳንዴ እውነት አታውቅም ነበር፤ የዚህ ዝምታ አስቀያሚ ገጹ ይህ ነው።

መድኃኒቱ በነፃ መጣ፤ ሰዉም ወደ ምርመራ መጣ። በአንድ ጀንበር አይደለም፤ ግን መጣ። የሚገርመው ብዙው ሰው በቀጥታ «ራሴን ልወቅ» ብሎ አለመምጣቱ ነው። አንዷ እርጉዝ ስለሆነች ለክትትል ስትሄድ ትመረመራለች። ሌላው ሊያገባ ሲል የሙሽሪት ወገኖች ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ይጠይቁታል። ሌላው ሳል አልለቅ ብሎት ለሳንባ ሲታይ አብሮ ይታያል። ሰው እውነቱን ለመስማት ሲዘጋጅ ሰበብ ይፈልጋል፤ «እኔ ጠርጥሬ አይደለም፣ ስለጠየቁኝ ነው» የሚልበት ቀዳዳ።

ርብቃ ቶርንተን የተባለች አሜሪካዊት የኢኮኖሚ ተመራማሪ በማላዊ ገጠር ያየችው ነገር ይህንኑ ያስታውሳል። የመንደሩ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ለኤች አይ ቪ ተመረመሩ፤ ውጤቱን ለመስማት ግን በአቅራቢያ ወደተተከለ ጣቢያ በራሳቸው እግር መሄድ ነበረባቸው። ምንም ካልተሰጣቸው መካከል ውጤቱን የሰሙት 34 በመቶ ያህሉ ናቸው። ለሌሎች በዕጣ ትንሽ ገንዘብ ተሰጣቸው፤ የአንድ ቀን ደመወዝ አንድ አሥረኛ የምታህለው ሳንቲም እንኳ የሰሚውን ቁጥር እጥፍ ገደማ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመውን ይህን ውጤት ብዙዎች ያነበቡት «ድሃ በሳንቲም ይገዛል» እያሉ ነው። ንባቡ ጠባብ ነው። ሞት ይሁን ሕይወት በማያውቀው ነገር ላይ በሳንቲም ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው መጀመሪያም ሐሳቡ የጸና አልነበረም፤ መሄድ ፈልጎ የሚሄድበት ምክንያት ያጣ ነው። ሳንቲሟ «ለገንዘቡ ብዬ ነው የሄድኩት» ለማለት ትበቃለች። መንደር ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ ዘንድ ትልቁ ሰበብ፣ ወይም ትልቁ ፈቃድ፣ ከቤተ ክህነት መጣ። እንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሺህ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ከየአገሩ ይጎርፉ ነበር። ጠበሉን የያዘ መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስለው ነበርና ክኒኑን ያቋረጠው ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ጤና ጥበቃ ያን ያህል ፖስተር ለጥፎ ያልደረሰበት ቦታ በአንድ አባት ቃል ተደረሰ።

የአማራ ገበሬ ይህን ሁሉ ከተመራማሪ የሚማረው አይደለም። ክፉ ወሬን ለማቆየትና ለማድረስ የራሱ ሥርዓት አለው፤ መርዶ።

ሰው ሞቷል። እናት ወይም ልጅ ሩቅ ናቸው እንበል፤ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር። ወሬው መጀመሪያ ለባለቤቱ አይደርስም፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባት ነው የሚደርሰው። ያን ቀን ማንም ትንፍሽ አይልም። ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱን ብቻዋን ታድራለችና። ገበያ መሐል አይነገርም፤ መንገድ ላይም። ጎረቤት ለማስተዛዘኛ የሚሆነውን በየቤቱ ያሰናዳል፤ እሷ ያንኑ ምሽት ከአንደኛዋ ጎረቤት ቤት ቡና ጠጥታ፣ ሥቃ ገብታ ትተኛለች። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ከፍታ ስታይ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። አንዳንዴ መናገርም አያስፈልግም፤ በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ ሰው ለሌላ ጉዳይ እንደማይመጣ ታውቃለች።

ዋሽንግተንም ስቶክሆልምም ያለው ሐበሻ ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ከአገር ቤት የሚደወለው ለሐዘንተኛው አይደለም፤ ለጓደኛው ነው። ጓደኛው የሥራ ፈረቃውን ይጠይቃል፣ ዕረፍት ቀኑን ያጣራል፣ በስልክ እየተጠራሩ ወጥ ይሠራል፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ኮሪደሩ ይሞላል። በነዚያ ሦስት አራት ቀናት ከሟቹ ልጅ ጋር እየተገናኙ እንደ ወትሮው መጫወት የግድ ነው። ያደረገው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምግብ አይወርድም።

መርዶን «መዋሸት ነው» የሚሉ አሉ። በተለይ ወጣቶች «ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገራችሁኝም?» ብለው ይቆጣሉ፤ ቀብር ያለፈበት ሰው ቁጣው ትክክል ነው። ቢሆንም ሥርዓቱ ከሌላው ድብቅነት የሚለይበት ነገር አለ። ቀን አለው። እውነቱ እንደሚነገር የተጠራጠረ የለም፤ የሚጠበቀው ሰዓቱና ሰው መሰብሰቡ ብቻ ነው። ሳያውቁ የማደሩን ዕረፍት ለሐዘንተኛዋ የሰጣት ሌላ ሰው፣ ያን ሌሊት እሱ ራሱ አያርፍም።

ከዚሁ ሥርዓት የወጣ የሚመስል፣ ግን ቀን የሌለው ሌላ ልማድ አለ፤ ለካንሰር ታማሚ አለመንገር። ሐኪሙ ውጤቱን ይይዛል፤ ወንድም ወይም የበኩር ልጅ ቀድሞ ገብቶ «ለእሷ እንዳይነገራት፣ ትሰበራለች» ይላል። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ካንሰር የሚለው ስም በብዙ ቤት አይጠራም፤ «ያ መጥፎ በሽታ» ነው። በሀገሪቱ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከወረታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ለምን እንደምትሄድ ሳይነገራት ያን ያህል መንገድ የተጓዘች፣ ወረፋው ወራት ሲቆይባት «ለትንሽ እጢ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ብላ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት ታሪክ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ርኅራኄው ተገልብጧል። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ንጋት የለውም። እሷ የምትናዘዘው አላት፣ የምታስታርቀው ልጅ አላት፣ በሰው አገር ሆስፒታል ከመተኛት ቤቷ መሆንን ልትመርጥ ትችላለች። ይህን ሁሉ ከእሷ ወስደው የሚሰጧት መጽናናት፣ እውነቱ ሲነገር፣ ለራሳቸው ነው፤ ስታለቅስ ላለማየት።

ነገሩ የእኛ ብቻ ነው እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጌርድ ጊገሬንዘርና ባልደረባው በጀርመንና በስፔን ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ጠይቀው ነበር። የወደፊት ክፉ ነገርን፣ ለምሳሌ የሚሞቱበትን ጊዜ፣ ማወቅ አንፈልግም ያሉት ከ85 እስከ 90 በመቶ ናቸው። የዲ ኤን ኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ ጄምስ ዋትሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 መላ የዘር ቅንጣቱ ሲነበብለት አንዲት ክፍል እንዳትነገረው ጠይቋል፤ የአልዛይመር ተጋላጭነትን የምታሳየዋን። አያቱ በዚያ በሽታ ነበር የታመሙት፤ መፈወሻም የለውም። ለሰው ልጅ የውስጡን መጽሐፍ የከፈተው ሰው አንዱን ገጽ ዘለለው፤ ያሾፈበትም ያደነቀውም ነበር። የፎገራ ገበሬ ግን ይገባው ነበር።

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ሰው ስለ ራሱ ገላና ስለ ራሱ ሐዘን አለማወቅን ስለመምረጡ ነው። ወረታ ላይ ከጎንደር መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ግን ሌላ ዓይነት አለማወቅን ያስታውሳል። መንገዱ በደብረ ታቦር በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወልድያ፣ ወሎ ይገባል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ጎዳናው ላይ ባለሥልጣንም ያልፋል፤ መስኮቱን ይዘጋል። ረሃቡ ለዓለም የተገለጠው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነበር። ያው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀነባብሮ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ፊልሙን ያሳየው እውነት ወዶ እንዳልነበር ከአሥር ዓመት በኋላ ታየ፤ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ያንኑ ወሎ ሌላ ረሃብ ይፈጀው ነበር። በዚህ ዓይነቱ አለማወቅ ውስጥ ሰበብ የሚፈልግ፣ የሚራራ፣ ንጋት የሚጠብቅ የለም። መስኮት የዘጋው ሌላ ነው፤ የተራበው ሌላ።

ስለ ራስ ላለማወቅ ግን ዋጋው ከራስ ኪስ ይወጣልና ሰው ያሰላል። የፎገራና የሊቦ ከምከም ሰው ስሌት ዛሬም ምን እንደሚመስል ካላ አዛር ራሱ ያሳያል። በወረርሽኙ ጊዜ የተደረገ አንድ ጥናት 171 ታማሚዎችን ካልታመሙ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በበሽታው የመያዝ ዕድልን ከፍ አድርጎ የተገኘው ሌሊት ውጭ የማደር ልማድ፣ ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ውሻ ማሳደር ነው። ይህን ለእረኛ መንገር ይቻላል። እረኛው ጥላ ያለው ዛፍ ሌላ የለውም፤ የደረሰ ሰብል የሚጠብቀውም ሰው ከማሳው ዳር ከማደር በቀር አማራጭ የለውም፤ ውሻውን ደግሞ ጅቡ ይጠይቀዋል። ሰምቶ «እሺ» ይላል፤ ከግራሩ ሥር ይተኛል።

ምርመራው ቀሏል። አንዲት ጠብታ ደም ከጣት ይወሰዳል፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፣ ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። አንድ መስመር ከወጣ ነፃ ነው፤ ሁለት ከወጣ ካላ አዛር። መድኃኒቱም በነፃ ነው። ሕክምናው ግን በቀን ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነው፤ ኤች አይ ቪ ከተደረበበት ሌላ መድኃኒትና ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። የሰሊጥ ሠራተኛው ከበረሃ የሚመለሰው ጥቅምት አካባቢ ነው። የፎገራ ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ቢዘገይ ይረግፋል። መርፌው ገንዘብ ባይጠይቅም የአስታማሚው ስንቅ ይጠይቃል፣ የአጫጁ ምንዳ ይጠይቃል። ስለዚህ የወባው ምርመራ ነፃ ነው ተብሎ «እስኪ ለሌላውም እንይህ» የተባለው ጎልማሳ ትኩሳቱን ይዞ ከወንበሩ ይነሣና፣ ሩዙን አስገብቶ እንደሚመለስ ለባለሙያዋ ነግሯት ይወጣል።